የተለበሰ ልብስና ያገለገለ ዕቃ መርጦ ስለ መግዛት

በገበያ የሚሸጠው ዕቃ ኹሉ ዐዲስ አይደለም። ለአንዲቱ ልጅ የጠበበው ቀሚስ ለሌላይቱ ልክ ይኾናል፤ በአንዱ ቤት ተርፎ ጥግ የያዘው ድስት በሌላው ቤት ይፈለጋል። ስለዚህ ያገለገለ ዕቃ መግዛት ቤትን የሚረዳ ደግ ሥራ ነው። ዳሩ ግን የወረደ ዋጋና የወረደ ዕቃ ብዙ ጊዜ በአንድ ክምር ላይ አብረው ይገኛሉና ገዢ ኹለቱን ለይቶ ማወቅ ይገባዋል፤ ልዩነቱም በሒሳብ ይታያል።

አንድ አባት ለልጁ የትምህርት ቤት ሱሪ ሊገዛ ወደ ገበያ ወረደ እንበል። አንዱ ሱሪ 200 ብር ተባለ፤ ነገር ግን ጉልበቱ ስለ ሳሳ ከ4 ወር አያልፍም። ኹለተኛው 360 ብር ተባለ፤ ጨርቁ ጽኑ ስለ ኾነ 12 ወር ይለበሳል። 200ን ለ4 ቢያካፍሉት ለአንድ ወር 50 ብር ይደርሳል፤ 360ን ለ12 ቢያካፍሉት 30 ብር ብቻ ይደርሳል። እንግዲህ ርካሹ ባለ 360 ብሩ ሱሪ ነው። መምህሩ ይህን ሒሳብ በሰሌዳ ጽፎ ተማሪዎቹ በየቤታቸው ባለው ልብስ እንዲሞክሩት ቢያደርግ መልካም ነው።

ይህንንስ ብዙ ሰው ሳይማር ያውቀዋል፤ የሚቸግረው በመስከረም 360 ብር በእጁ አለመገኘቱ ነው። በጳጉሜንና በመስከረም ለዘመን መለወጫና ለትምህርት ቤት ኹሉም በአንድ ጊዜ ስለሚሸምት ዋጋው ይወጣል፤ የገበሬውም ጎተራ በዚያ ወራት የጎደለ ነው። ስለዚህ እህል ተወቅቶ ከገባና የጥር ሠርግ ካለፈ በኋላ፥ በየካቲትና በመጋቢት ገበያው ቀዝቀዝ ሲል፥ ለሚመጣው ዓመት የሚኾነውን ልብስ መግዛት ይሻላል። ለሚያድግ ልጅ የሚገዛ ሰው ወርዱ ሰፋ፥ የእግሩም እጥፋት ረዘም ያለውን ይምረጥ፤ እጥፋቱ አራት ጣት ያህል ከኾነ በዓመቱ ተፈትቶ ይረዝማል።

በውጭ አገር ተለብሶ የሚመጣውን ልብስ ሕዝቡ ሰልባጅ ይለዋል፤ ቃሉ ከእንግሊዝኛ የተወሰደ ሲኾን ከጥፋት የተረፈ ዕቃ ማለት ነው። ተጠቅጥቆ የሚታሰርበት ትልቁ እስር ቦንዳ ይባላል። ይህን ልብስ ለንግድ ወደ ኢትዮጵያ ማስገባት በሕግ የተከለከለ ነው፤ ቢኾንም በጠረፍ እየሾለከ ይገባል፥ በየገበያውም ይታያል። ቦንዳ ሳይፈታ ስለሚሸጥ ቸርቻሪው ራሱ ውስጡን አያውቅም፤ ሲፈታ ያማረ ያማረውን ለይቶ በውድ ይሸጣል፥ የቀረውን ከምሮ በአንድ ዋጋ ያወጣዋል። እንግዲህ በክምሩ ውስጥ ያለው ኹሉ አንድ ጊዜ የሌላ ሰው ዐይን የናቀው ነው። የናቀውም ዐይን ቸኩሎ ይኾናልና ትዕግሥት ያለው ገዢ ከዚያ ውስጥ ደኅና ነገር አያጣም። በአገር ውስጥ ተለብሶ የሚሸጠውን ልብስ ግን ይህ ክልከላ አይመለከተውም።

ልብስ ሲመረምሩ ከኹሉ በፊት ቀለሙን ማየት የተለመደ ስሕተት ነው። አስቀድሞ ወደ ፀሓይ አንሥቶ ዘርግቶ ማየት ይገባል፤ ጨርቁ የሳሳበት ስፍራ ብርሃን ያሳልፋልና። ሱሪ በመቀመጫውና በጉልበቱ፥ ሸሚዝ በክርኑና በአንገትጌው፥ ኮት በብብቱና በእጅጌው ጫፍ ይሳሳል። በብብት ላይ ደርቆ ቢጫ የኾነ ላብ ብዙ ጊዜ በሳሙና አይለቅም፤ ጭቃና አቧራ ግን ይለቃል። እንዲያውም አቧራ ብቻ ያሳደፈው ጽኑ ልብስ ሰው ስለሚጸየፈው በጥቂት ዋጋ ይገኛል። ቀጥሎ ስፌቱን በኹለት እጅ ቀስ ብሎ መሳብ ነው፤ ክሩ ብቻ ከተፈታ በመርፌ ይጠገናል፥ ጨርቁ ራሱ ከስፌቱ አጠገብ ከተተረተረ ግን መርፌ አያድነውም። የጎደለ ቁልፍ ዋጋ ማስቀነሻ ነው፤ ዚፑ የተበላሸ ልብስ ግን ለልብስ ሰፊ የሚከፈለው ታስቦ ይገዛል። የሱፍ ልብስ ብል እንዳልበላው ከውስጥም ከውጭም ይታይ፤ አንድ ቀዳዳ ከተገኘ ሌላ አይጠፋም።

ጨርቁ ጥጥ ወይም ሱፍ ወይም ናይለን መኾኑን ለማወቅ ሻጩን አስፈቅዶ ከውስጥ እጥፋት አንዲት ክር መዝዞ በእሳት መለኮስ ይቻላል። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነዳል፥ ዐመዱም ልም ነው፤ ሱፍ እንደ ተቃጠለ ጠጕር ይሸታል፥ ከእሳቱ ሲርቅም ይጠፋል፤ ናይለንና ፖሊስተር ቀልጠው እንደ ዶቃ ይደርቃሉ። ለደጋ ብርድ ሱፍ፥ ለቆላ ሙቀት ጥጥ ይስማማል። ናይለን የለበሰ ልጅ ወደ ምድጃ እንዳይጠጋ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ የቀለጠው ከገላ ጋራ ይጣበቃልና።

በዋጋ ክርክር ጊዜ የወደዱትን ልብስ ይዞ ማመስገን ዋጋውን ያስወድዳል፤ ማንቋሸሽም ሻጩን ያስቀይማል። የታየውን ጕድለት በጣት አሳይቶ፦ እናቴ፥ ይህ የሚሰፋበትን ይቀንሱልኝ፥ ማለት ይበቃል።

የገዙትን ልብስ ሳያጥቡ መልበስ አይገባም። ቅማል በስፌት ውስጥ ይደበቃል፤ ተስቦንና ግርሻንም ከሰው ወደ ሰው የሚያዛምት እርሱ ነው። የጥጥ ልብስ በፈላ ውሃ ተነክሮ ይታጠባል፥ በፀሓይ ይደርቃል፥ ስፌቱም በጋለ ካውያ ይተኰሳል። ሱፍ በፈላ ውሃ ይኰማተራልና በፕላስቲክ ከረጢት ታስሮ ኹለት ሳምንት ይቈይ፤ ቅማል ደም ካላገኘ ይሞታል፤ ከዚያም በለብታ ውሃ ይታጠባል። የውስጥ ልብስ ግን ሌላ የለበሰውን አለመግዛት ይሻላል።

ስለ ቤት ዕቃ ብዙ ማለት አያሻም። የብረት ድስት ውሃ ሞልቶ ጥቂት ማቈየት፥ የሸክላ ዕቃ በጣት ማንኳኳት ይበቃል፤ የተሰነጠቀ ሸክላ ድምፁ የታፈነ ነው። በጀሪካን ነገር ግን ማንም እንዳይደፍር። የተባይ ወይም የአረም መድኃኒት የነበረበት ጀሪካን ደጋግመው ቢያጥቡትም ለውሃ፥ ለጠላ፥ ለዘይትም አይኾንም፤ መርዙ በፕላስቲኩ ውስጥ ይሰርጋል። ምን እንደ ነበረበት ያልታወቀ፥ ጽሕፈቱ የተላጠ፥ ሽታውም እንግዳ የኾነ ጀሪካን በነጻ ቢሰጥ እንኳ አይወሰድም። እንዲሁም ባለቤቱ የማይታወቅ ዕቃ ከዋጋው እጅግ ወርዶ ሲቀርብ ከወዴት እንደ መጣ መጠየቅ ይገባል፤ የተሰረቀ መኾኑን እያወቀ የሚገዛውን ሰው በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ይቀጣዋልና።

መግዛትን የሚማር መለወጥንም ይማር። በየከተማው «ልዋጭ! ልዋጭ!» እያለ የሚዞር ነጋዴ አለ፤ አሮጌ ልብስና ጫማ ተቀብሎ የፕላስቲክ ሳፋ ወይም ብርጭቆ ይሰጣል። አንዲት እናት የባሏን አሮጌ ኮት አውጥታ (ባለ ኮቱን አስቀድማ መጠየቋም አይከፋም) «ለዚህ ምን ትሰጠኛለህ፥ ልጄ?» ትለዋለች። ነጋዴው ኮቱን ገልብጦ «እትዬ፥ ገበሩ እኮ አልቋል፤ አንድ ሳፋ ልስጥዎት» ይላል። የተናገረው እውነት ነው፥ ገበሩ አልቋል፤ ነገር ግን ላዩ ደኅና ሱፍ መኾኑን እያየ ዝም ብሏል። ያ ኮት ታጥቦ ገበሩም ተለውጦ በገበያ ሲሰቀል ከብዙ ሳፋ የሚበልጥ ዋጋ ያወጣል። ነጋዴው ቀኑን ሙሉ በእግሩ ሲዞር ይውላልና ማትረፉ አይነቀፍም፤ ሴትዮይቱ ግን የሳፋውን ዋጋ ከሱቅ ጠይቃ፥ ኮቱንም ወደ ፀሓይ አንሥታ አይታ ቢኾን ኖሮ «ጆግ ጨምርበት» ለማለት ትችል ነበር። አንዳንዴም ገበሩን በራሷ እጅ ለውጣ ለልጇ ማስቀረቱ ከሳፋውም ከጆጉም ይበልጥባታል።

ለልዋጭ እንኳ የማይኾን ጨርቅ ሲቀር ቁልፉና ዚፑ ተፈትቶ በጣሳ ይቀመጣል፤ ያልሳሳው ወገን ለመጣፊያ ይቈረጣል፥ የቀረው ለትራስ መሙያና ለመወልወያ ይኾናል። በጣሳው ውስጥ የተጠራቀሙትም ቁልፎች፥ ቁልፉ የጎደለ ሸሚዝ በቅናሽ በተገኘ ጊዜ ይተከሉበታል።