ከአንድ ጥያቄ እስከ አንድ ገጽ፦ ለመጻፍ የምከተለው የሳምንት ፕሮግራም



ውድ ወንድሞችና እህቶች! ብዙዎቻችሁ ባደጋችሁበት አገር ቋንቋ ጥሩ አድርጋችሁ ትጽፋላችሁ። ስለ ወላጆቻችሁ አገር ጻፉ ስትባሉ ግን «ከየት ልጀምር?» ትላላችሁ። እኔ መሐንዲስ ነኝ፤ በእኛ ሥራ ፕላን ሳይኖር መሠረት አይቆፈርም። ስጽፍም የምከተለው ይህንኑ ነው። ለምሳሌ የ1966ቱን የሙስሊሞች ሰልፍ እንውሰድ።

ሰኞ፦ ኒያና አንድ ጥያቄ

ከፈጅር ሶላት በኋላ ለምንና ለማን እንደምጽፍ በወረቀት አሰፍራለሁ። ኢማሙ ቡኻሪ ሶሒሓቸውን በኒያ ሐዲሥ መክፈታቸው ለጸሐፊ ትልቅ ትምህርት ነው። ከዚያ ርዕሱን አጠበዋለሁ። «የኢትዮጵያ ሙስሊሞች ታሪክ» በአንድ ገጽ አያልቅም። «ዒድ በኢትዮጵያ ብሔራዊ በዓል የሆነው እንዴት ነው?» የሚለው ግን ይበቃዋል።

ማክሰኞ፦ ትልቅ ሰው መጠየቅ

ያኔ የ20 ዓመት ወጣት የነበረ ሰው ዛሬ ከ70 አልፏል። መጽሐፉ ነገም ይገኛል፤ እሳቸው ግን ላይገኙ ይችላሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ስልክ እደውላለሁ። «ምን ተፈጠረ?» ከማለት ይልቅ «እርስዎ የት ነበሩ? በዓይንዎ ምን አዩ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ያዩትንና ከሌላ የሰሙትን ለያይቼ እጽፋለሁ።

ረቡዕ፦ ማጣራት

ወሬን ማጣራት በሱረቱል ሑጁራት የታዘዝነው ነገር ነው። በተለይ ዓመተ ምሕረት ተጠንቀቁ። አባቶቻችን «በ66» ሲሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ሰልፉ የተደረገው ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ነው፤ በአውሮፓውያን ኤፕሪል 20 ቀን 1974 ማለት ነው። ከመስከረም እስከ ዲሴምበር መጨረሻ 7፣ ከጃንዋሪ እስከ ጳጉሜን ደግሞ 8 ዓመት ይደመራል። ይህን ያላስተካከለ ጽሑፍ አንባቢውን ወደ ሌላ ዘመን ይወስደዋል።

ሐሙስ፦ ፕላን

አራት መስመር ይበቃል። አንደኛ፣ ሙስሊሞች አዲስ አበባ ላይ እኩልነት ጠይቀው አደባባይ ወጡ። ሁለተኛ፣ ክርስቲያን ወገኖችም አብረዋቸው ተሰለፉ። ሦስተኛ፣ ከመንግሥት ለውጡ በኋላ ዒደል ፊጥር፣ ዒደል አድሐና መውሊድ ብሔራዊ በዓል ሆኑ። አራተኛ፣ የጠየቅኳቸው ሰው ያዩት። በእነዚህ ውስጥ የማይገባ ነገር፣ ቢጥምም፣ ለሌላ ጊዜ ይቀመጣል።

ጁሙዓ አልጽፍም።

ቅዳሜ፦ መጻፍ

ስልኬን ሌላ ክፍል አስቀምጬ 45 ደቂቃ ሳላቋርጥ እጽፋለሁ። የአማርኛው ቃል ከጠፋኝ በምችለው ቋንቋ ጽፌ አልፋለሁ፤ በኋላ እናቴን እጠይቃለሁ። ቃል ፍለጋ ከቆማችሁ ሐሳቡ ያመልጣል።

እሑድ፦ ጮክ ብሎ ማንበብ

ኮንክሪት ጥንካሬው የሚፈተነው እንደተሞላ አይደለም፤ በተለምዶ 28 ቀን ይጠበቃል። ጽሑፍም ቢያንስ አንድ ሌሊት ይደር። ከዚያ ለቤተሰብ ጮክ ብዬ አነባለሁ። ትንፋሽ ያሳጠረኝን ዐረፍተ ነገር ለሁለት እከፍላለሁ። ታናናሾቼ «ምን ማለት ነው?» ያሉትን ቃል እቀይራለሁ። የነገሩኝን ትልቅ ሰውም ቃላቸው በትክክል መግባቱን ደውዬ አረጋግጣለሁ።

ወንድሞችና እህቶች! እነዚህ ሰዎች በየመስጂዳችን ከጎናችን ይሰግዳሉ፤ የሚያውቁትን ግን ጠይቆ የሚጽፍላቸው ጥቂት ነው። የእነሱን አማርኛ የምትሰሙ፣ ለታናናሾቻችሁም በሚገባቸው ቋንቋ መንገር የምትችሉ እናንተ ናችሁ። በዚህ ሳምንት አንድ ትልቅ ሰው ጋ ደውሉና በአንድ ጥያቄ ጀምሩ። አላህ ያግራልን፤ ኒያችንንም ያሳምርልን።

ወላሁ አዕለም።