አባት ኩላሊቱ ሲደክም ልጅ መስጠት ይችላል ወይ?

መምህራችን ስለ ዘር ውርስ ሲያስተምሩን አንድ የክፍላችን ልጅ እጁን አንሥቶ፣ «አንድ ሽማግሌ በዘር በሚወረስ በሽታ ኩላሊቱ ቢደክም፣ ልጁ ሊሰጠው ይችላል ወይ?» ሲል ጠየቀ። ደወል ተደወለና ጥያቄው ለእኛ የቤት ሥራ ሆነ።

ከቡራዩ በአስኮ አድርጎ ወደ መርካቶ የሚወርድ ሁሉ ጳውሎስ ሆስፒታልን ያውቀዋል። በአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ በመስከረም 2008 ዓ.ም. የተጀመረው እዚያ ነው፤ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞችም አግዘዋል። ሥራው ሲጀመር ሰጪው በሕይወት ያለ የታማሚው ቤተሰብ ነበር። ችግሩም እዚህ ላይ ነው፤ በሽታው ያለው ቤተሰቡ ውስጥ ነዋ!

ይበልጥ የታወቀውን የዘር በሽታ እንውሰድ። ኩላሊት ውስጥ ውሃ የቋጠሩ ከረጢቶች ይበዛሉ፣ ያብጣሉ። ሰውየው ግን እስከ ሃምሳና ስድሳ ዓመቱ ሲያርስ ሊቆይ ይችላል። እያንዳንዱ ልጅ በሽታውን የመውረስ ዕድሉ እኩሌታ ነው፤ ልክ ዘውድና ጎፈር እንደ መጣል። አራት ልጆች ካሉ የግድ ሁለቱ ይታመማሉ ማለት ግን አይደለም፤ ሳንቲሙ ለእያንዳንዱ እንደገና ይጣላል። (ይህን ፈተና ላይ የሳትን ብዙ ነን።)

አሳሳቢው እንደኛ ያለው የሃያ ዓመት ልጅ ነው። አልትራሳውንድ ንጹሕ ቢያሳይም ከረጢቶቹ ገና አልወጡ ይሆናል። ስለዚህ የዘረ መል ምርመራ ያስፈልገዋል። አርባ ዓመት ያለፈው ወንድም ወይም እኅት ኩላሊታቸው ንጹሕ ከሆነ ግን በሽታውን አልወረሱም ለማለት ይቻላል። ሚስትም በሥጋ ስለማትዛመድ፣ ደሟና ሌላው ምርመራ ከተስማማ፣ ከልጁ ትሻል ይሆናል።

ዕድሜስ? ብቻውን አይከለክልም፤ ልቡ፣ ደም ሥሩ፣ ካንሰር መኖር አለመኖሩ ይታያል። አዲሱ ኩላሊት ታችኛው ሆድ ውስጥ ይተከላል፤ አሮጌዎቹ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ይቀራሉ። እኛን በጣም የገረመን፣ ከጤነኛ ሰው የመጣው ኩላሊት የሰጪውን ዘር ይዞ ስለሚኖር ያን ከረጢት አያወጣም።

ሁሉም የዘር በሽታ ግን እንዲህ አይደለም። በአንድ ብርቅ በሽታ ጉበት ኦክሳሌት የሚባል ነገር ከመጠን በላይ ያመርትና ኩላሊቱን ጠጠር ይሞላዋል። ኩላሊት ብቻ ቢተከል አዲሱም በዚያው ይበላሻል። በሽታቸው የታወቀው የተተከለላቸው ኩላሊት ከተበላሸ በኋላ የሆነ ትልልቅ ሰዎች አሉ። ስለዚህ ጉበትም አብሮ ይተከል ነበር፤ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በአውሮፓና በአሜሪካ ምርቱን የሚቀንስ መድኃኒት ተፈቅዷል።

ጠያቂያችን ረቂቁን አንብቦ፣ «ልጁ መመርመር ባይፈልግስ?» አለን። መልስ ያለው ጽፎ ከሰሌዳው ሥር ባለው ሣጥን ይክተትልን።