ልንገራት ወይስ ዝም ልበል?

ጥያቄ፦ የድርጅታችን ኃላፊ ሴቶችን እንደሚተነኩስ እርስ በርስ እንንሾካሾካለን። አዲስ የተቀጠረችውን ልጅ ላስጠንቅቃት?

መልስ፦ አዎ እህቴ፣ ንገሪያት፤ የደረሰብሽንና ያየሽውን ከሰማሽው ለይተሽ። እንዲህ ያለው ሹክሹክታ የሚደርሰው ወዳጅ ላላት ብቻ ነው። የጽዳት ሠራተኛዋና ተለማማጇ ሳይሰሙ ይቀራሉ፤ እኔን አብዝቶ የሚያሳስበኝም የእነሱ ነገር ነው። በጽሑፍ የስም ዝርዝር ግን አታዙሪ። እ.ኤ.አ. በ2017 አሜሪካዊቷ ሞይራ ዶኔጋን በመገናኛ ብዙኃን የሚሠሩ ወንዶችን የሚመለከት እንዲህ ያለ ሰነድ ከፍታ ነበር፤ ሰነዱ በሰዓታት ውስጥ ከእጇ ወጣ፤ በቀጣዩ ዓመት በስም ማጥፋት ተከሰሰች። ቀኑን፣ ቦታውን፣ የተባለውን ቃል ለራስሽ መዝግቢ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ኃላፊዋ ወሲባዊ ትንኮሳ የፈጸመባት ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራ ለቅቃ ካሳ መጠየቅ ትችላለች፤ ማስታወሻው ያኔ ይጠቅማል።