ጠብታና ምንጭ፦ ዘይት ስለሚያፈስ አውቶማቲክ ካምቢዮ

ከሚሴ ላይ ሆኖ ቦርከናን የሚያይ ሰው ወንዙ ጨፋ ሜዳ ላይ ፈለቀ አይልም። ውኃው ከደሴ በላይ ካሉት ተራሮች ተነሥቶ፣ ኮምቦልቻን አልፎ ወደ ሜዳው እንደሚወርድ ያውቃል። ከመኪና ሥር የምናየው የዘይት ጠብታም እንደዚሁ ነው፤ የፍሳሹ መድረሻ እንጂ መነሻው አይደለም። ይህን ያልያዘ ሰው ደህናውን ጓርኒሲዮን ቀይሮ የተበላሸውን ትቶት ይሄዳል። እንግዲህ በቅደም ተከተል እንማር።

አንደኛ፣ ሕጉን እንያዝ። አሁን በምንነዳቸው መኪኖች ላይ አውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት አይበላም። የሞተር ዘይት በፒስተን ቀለበት አልፎ ተቃጥሎ በጭስ ሊወጣ ይችላል፤ የካምቢዮ ዘይት ግን በተዘጋ ቤት ውስጥ የሚመላለስ ነው። ስለዚህ ቀነሰ ማለት ፈሰሰ ማለት ነው፦ ወይ ወደ መሬት፣ ወይ ደግሞ ብዙ ሰው ወደማይጠረጥረው ወደ ራዲያተሩ ውስጥ።

መቀነሱ ለምን ያስፈራል? በማንዋል ካምቢዮ የዘይት ዋና ሥራ ጥርሶችን ማለስለስ ነው። በአውቶማቲክ ግን ዘይቱ ራሱ የሞተሩን ኃይል ያስተላልፋል፣ በግፊት ክላቾችን ይጨምቃል፣ ሙቀትንም ተሸክሞ ወደ ማቀዝቀዣው ይወስዳል። ሲጎድል ፓምፑ አየር ይስባል፤ ግፊቱ ይወርዳል፤ ክላቾቹ ይንሸራተታሉ፣ ከዚያም ይቃጠላሉ። በአንድ የጎማ ቀለበት የሚያልቅ ጥገና ካምቢዮ ወደ ማስወረድ ይደርሳል።

የኛ መንገድ ደግሞ ፍሳሹን ያፋጥነዋል። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ጣርማ በር ወደ ሸዋሮቢት ቆላ ይወርዳል፤ ከከሚሴ ወደ ደሴ የሚሄደው ደግሞ ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። ሰውና ዕቃ ጭኖ ዳገት ሲወጣ ዘይቱ ይግላል፤ የጋለ ዘይት ይቀጥናል፤ በተደጋጋሚ ሲግል ደግሞ የጎማ ቀለበቶቹን ያደርቃቸዋል። ከተማ ውስጥ ደረቅ የነበረ መኪና ከዳገት በኋላ የሚያንጠባጥበው ለዚህ ነው።

ሁለተኛ፣ የፈሰሰው ምን እንደሆነ እንለይ። ማታ መኪናው ሥር ንጹሕ ካርቶን አንጥፉ፣ ጠዋት እዩት። አዲስ የካምቢዮ ዘይት አብዛኛውን ጊዜ ቀይ ነው፤ ሲያረጅ ቡናማ ይሆናል፣ ከተቃጠለም ይሸታል። የሞተር ዘይት ቡናማ ወይም ጥቁር ነው። ኤሲ ሲሠራ ከዋለ የሚንጠባጠበው ንጹሕ ውኃ በከሚሴ ሙቀት የተለመደ ስለሆነ አያስጨንቅ። ግን ልብ በሉ፦ በብዙ መኪኖች የመሪ ዘይትም ቀይ ነው። ስለዚህ ቦታውንም እዩ። በአብዛኞቹ የፊት ጎማ በሚነዳቸው ቶዮታዎች ካምቢዮው በሹፌሩ በኩል፣ በግራ ነው።

ሦስተኛ፣ ምንጩን እንፈልግ። ዘይት ወደ ታች ይወርዳል፤ በጉዞ ላይ ደግሞ ንፋስ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ የምንፈልገው ከፍ ብሎም ወደ ፊት ቀደም ብሎም ያለውን እርጥብ ቦታ ነው። ካምቢዮው የቆየ ዘይትና አቧራ ከለበሰ ምንም አይታይም፤ አጥባችሁ አድርቁት፣ ጥቂት ነድታችሁ ተመልሳችሁ እዩ። ፍሳሹ በጣም ትንሽ ከሆነ የደረቀው ብረት ላይ የሕፃናት ፓውደር ነስንሱበት፤ ዘይቱ የሄደበትን መንገድ መስመር ሠርቶ ያሳያችኋል። መኪናው በክሪክ ብቻ ቆሞ ሳለ ግን ከሥሩ አትግቡ፤ በጠንካራ ብረት ደጋፊ ላይ ይረፍ።

አራተኛ፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ እንሂድ። መጀመሪያ የማፍሰሻው ቡሎን፦ ቀለበቱ አሮጌ ከሆነ አዲስ ቀይሩለት። ቀጥሎ የማቀዝቀዣው ቱቦዎች፦ ጎማው ከተሰነጠቀ ይቀየር፣ ፋሼታው ከላላ ይጥበቅ። ከዚያ የመለኪያ ዘንጉ ቱቦና የፍጥነት ሴንሰሩ፦ ሁለቱም ብዙ ጊዜ ትንሽ የጎማ ቀለበት ነው የሚያስፈልጋቸው።

የታችኛው የዘይት መያዣ፣ ኮፓው ጋ ሲደረስ ቆም እንበል፤ ስሕተት የሚበዛው እዚህ ነው። የሚያፈስ ኮፓ ሲያይ የብዙ ሰው እጅ ወደ መፍቻ ይሄዳል፣ አጥብቆ ያስራል። ኮፓው ግን አብዛኛውን ጊዜ ስስ ቆርቆሮ ነው፤ ከልክ ሲጠብቅ ቡሎኑ አካባቢ ይጎብጣል፣ በሁለት ቡሎኖች መካከል ክፍተት ይፈጠራል፣ ፍሳሹ ይብሳል። ትክክለኛው መንገድ ከንፈሩን አቃንቶና አጽድቶ፣ አዲስ ጓርኒሲዮን አግብቶ፣ ቡሎኖቹን በመስቀለኛ ቅደም ተከተል፣ አምራቹ ባዘዘው ልክ ማጥበቅ ነው። ሲሊኮን መለጠፍም ለጊዜው ይይዛል፤ ወደ ውስጥ የተረፈው ግን ተቆርሶ ፊልትሮውን ሊዘጋ ይችላል።

ከዚህ በኋላ የጎማ አክስሉ መግቢያ ፓራኦሊዮ (የዘይት ማገጃ ጎማ) ይመጣል፤ አክስሉን ማውጣት ይጠይቃል። መጨረሻው በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ያለው የፓምፑ ፓራኦሊዮ ነው፤ ይህ ካምቢዮ ማውረድ ስለሚፈልግ ከመወሰናችሁ በፊት ቀለሙን ደግማችሁ እዩ። የሞተሩ የኋላ ፓራኦሊዮም እዚያው ቦታ ያንጠባጥባል።

አምስተኛ፣ ልኩን እንወቅ። መለኪያ ዘንግ ባለው አብዛኛው መኪና ካምቢዮው ሲሞቅ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ሜዳ ላይ ይለካል፤ ማርሹን በየቦታው አዙራችሁ ወደ ፒ መልሱት፣ ዘንጉን ጠርጋችሁ እንደገና አንብቡ። አንዳንድ አምራቾች ሞተር ጠፍቶ እንዲለካ ስለሚያዝዙ መመሪያው ይታይ። ከልክ በላይ መሙላትም ጉዳት ነው፤ ዘይቱ አረፋ ይሠራል፣ በመተንፈሻው ይወጣል፣ እናንተም አዲስ ፍሳሽ መጣ ትላላችሁ።

ጥያቄ፦ ሲጎድል እየጨመርኩ ብነዳስ?
መልስ፦ ጋራዥ ለመድረስ ያህል ይቻላል። ሲለመድ ግን መጨመር የረሳችሁበት ቀን ዳገት ላይ ያገኛችኋል።

ጥያቄ፦ የትኛውም ቀይ ዘይት አይበቃም?
መልስ፦ አይበቃም። ቀይነት ማቅለሚያ ነው እንጂ ዓይነት አይደለም። ሲቪቲ ካምቢዮ ደግሞ የራሱ ዘይት አለው። መመሪያው ላይ የተጻፈውን ያዙ።

ጥያቄ፦ ዘይቱ ሮዝ እርጎ ቢመስልስ?
መልስ፦ ውኃ ገብቶበታል፤ ብዙ ጊዜ በራዲያተሩ ውስጥ ያለው ማቀዝቀዣ ተበስቶ ነው። ሞተሩን አጥፉ፤ አትንዱት። የሚነዱት ጎማዎች መሬት ላይ እየተንከባለሉም አታስጎትቱት፤ የካምቢዮው ፓምፕ የሚሠራው ሞተሩ ሲዞር ብቻ ስለሆነ ሲጎተት ዘይት አይመላለስም።

ጥገናው ካለቀ በኋላ ካርቶኑን እንደገና አንጥፉ፤ ጠዋት ደረቅ ሆኖ ከተገኘ ሥራው ተፈትኖ አለፈ። የወጣውን አሮጌ ዘይት ደግሞ በጄሪካን ያዙት እንጂ ጓሮ አትድፉት። ክረምት ሲመጣ ጎርፉ ጠርጎ ወደ ቦርከና ያወርደዋል፤ ታች ጨፋ ላይ ከብቱን የሚያጠጣው ሰውም የሚያየው ጠብታውን ብቻ ነው።