የአካል ብቃት አሠልጣኝነት ማስተርስን በኦንላይን ከመጀመራችሁ በፊት

ሙያው

በእግር ኳስ ክለቦቻችን «የአካል ብቃት አሠልጣኝ» የሚባለው ባለሙያ ተጫዋቹን ኳስ አያስተምረውም። ጉልበቱን፣ ፍጥነቱንና ጽናቱን ያዘጋጅለታል፤ ለጉዳት እንዳይጋለጥም ይሠራል። ሙያው ራሱን ችሎ ከቆመ ብዙ አልሆነውም። ቦይድ ኤፕሊ በአሜሪካው ነብራስካ ዩኒቨርሲቲ በ1969 በዚህ ሙያ ሲቀጠር (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ክብደት ማንሳት ስፖርተኛን ያዘገያል ብለው የሚሰጉ አሠልጣኞች ብዙ ነበሩ። በ1978 ኤፕሊ የሙያውን ብሔራዊ ማኅበር መሠረተ። ከዚያ ወዲህ የአውስትራሊያው ኢዲት ካወንና የለንደኑ ሴንት ሜሪስ ዩኒቨርሲቲዎች ማስተርሱን በርቀት ካስተማሩት መካከል ናቸው።

ማስተርሱ ምን ይጨምራል?

ጡንቻ እንዴት እንደሚኮማተር በመጀመሪያ ዲግሪ ተምራችኋል። እዚህ የሚጠበቅባችሁ ጥናት መመዘን ነው። ለሩጫ አገር የሚሆን ምሳሌ ልስጥ።

ሮበርት ሂክሰን በ1980 ባሳተመው ጥናት ሦስት ቡድኖች ለ10 ሳምንታት ሠለጠኑ። አንዱ የጥንካሬ ልምምድ ብቻ፣ ሁለተኛው የጽናት ብቻ፣ ሦስተኛው ሁለቱንም ሠራ። የሦስተኛው ቡድን የእግር ጥንካሬ እስከ ሰባተኛው ሳምንት ገደማ አደገ፤ ከዚያ ባለበት ቆመ፤ በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ጭራሽ ቀነሰ። ይህን ብቻ ያነበበ ሰው ሩጫና ክብደት አይስማሙም ብሎ ሊደመድም ይችላል።

በ1999 ደግሞ ሌና ፓቮላይነንና ባልደረቦቿ በፊንላንድ ሯጮች ላይ ያደረጉት ጥናት ወጣ። ሯጮቹ ለ9 ሳምንታት ከልምምዳቸው 32 በመቶውን በዝላይ፣ በአጭር ርቀት ፈጣን ሩጫና ቀላል ክብደትን በፍጥነት በማንሳት ተኩት። የ5 ኪሎ ሜትር ሰዓታቸው ተሻሻለ። የሚገርመው፣ ኦክስጅን የመጠቀም ከፍተኛ አቅማቸው አልጨመረም። የተሻሻለው ሌላ ነገር ነው፦ በዚያው ፍጥነት ሲሮጡ የሚያወጡት ጉልበት አነሰ።

ሁለቱ ጥናቶች ይጋጫሉ? አይጋጩም። በሂክሰን ጥናት የተጎዳው ጥንካሬ እንጂ ጽናት አልነበረም። ሦስተኛው ቡድን በሳምንት 5 ቀን ጥንካሬ፣ 6 ቀን ጽናት ይሠራ ነበር፤ እንዲህ ያለ ጫና ማንንም ያደክማል። ፊንላንዳውያኑ ግን ከነበረው ልምምድ ቀንሰው ተኩ እንጂ በላዩ ላይ አልጫኑም። ምን ተለካ? በማን ላይ? ጫናው ስንት ነበር? በአሰላ ወይም በበቆጂ ወጣት ሯጮችን የያዘ አሠልጣኝ ከማስተርስ ይዞ መውጣት ያለበት እነዚህን ጥያቄዎች የመጠየቅ ልማድ ነው። ይህን ደግሞ ኦንላይን በሚገባ ያስተምራል፤ እንዲያውም ጽሑፉን ደጋግሞ ለማንበብ ከክፍል ይልቅ የራስ ጠረጴዛ ይሻላል ባይ ነኝ።

ስክሪን የማያስተምረው

ስኳት የሚሠራ ልጅ ጉልበቱ ወደ ውስጥ ሲያዘነብል አይቶ፣ በአንዲት አጭር ቃል ማረም ከቪዲዮ አይለመድም። ሠልጣኝ ደክሞ፣ ተናዶ ወይም ፈርቶ ሲመጣ የዕለቱን ዕቅድ መለወጥም እንዲሁ። ስለዚህ ጥሩ ፕሮግራሞች የተግባር ልምምድ ሰዓት ይጠይቃሉ፤ ስታሠለጥኑ የተቀረጸ ቪዲዮም ያስልካሉ።

መሣሪያ የለኝም ብላችሁ አትስጉ። የዝላይን ከፍታ ፎርስ ፕሌት በሚባለው ውድ የግፊት መለኪያ ሰሌዳ ብቻ ሳይሆን በስልክ ቪዲዮም መለካት ይቻላል። እግር ከመሬት ከለቀቀበት እስከ ነካበት ያለውን ጊዜ በሰከንድ ውሰዱ፤ በራሱ አባዙት፤ በ9.81 አባዝታችሁ ለ8 አካፍሉ። ግማሽ ሰከንድ አየር ላይ የቆየ ሰው ወደ 31 ሴንቲ ሜትር ዘልሏል። ስልኩ በሰከንድ 240 ምስል የሚቀርጽ ከሆነ፣ አንድ ምስል መሳሳት ውጤቱን የሚያዛባው በግማሽ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ስልኩ በሰከንድ 30 ብቻ የሚቀርጽ ከሆነ ግን ስሕተቱ ስምንት እጥፍ፣ ማለትም 4 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በዚህ ቁጥር ሠልጣኝ ተሻሻለ ወይም ወረደ ማለት አይቻልም። ሌላው ጥንቃቄ፣ ጉልበቱን አጥፎ የሚያርፍ ሰው አየር ላይ የቆየበትን ጊዜ ያረዝመዋል፤ ሲያርፍ እግሩን ዘርግቶ እንዲሆን ንገሩት።

ሰዓቱና ወረቀቱ

በእንግሊዝ አሠራር ማስተርስ 180 ክሬዲት ነው፤ አንዱ ክሬዲት 10 የጥናት ሰዓት ሲሆን በድምሩ 1,800 ይሆናል። በሳምንት 20 ሰዓት የሚያጠና ሰው 90 ሳምንታት ያስፈልጉታል። ሥራ ይዞ በአንድ ዓመት እጨርሳለሁ ማለት አይሆንም።

ከክፍያ በፊት ሁለት ነገር በጽሑፍ ጠይቁ። ዩኒቨርሲቲውን፦ የተግባር ሰዓቱን በአገሬ ክለብ ብሠራ ትቀበላላችሁ? የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንን፦ በኦንላይን ለተገኘው ለዚህ ዲግሪ የአቻ ግምት ይሰጣል? ዲግሪው የሙያ ማኅበራት ከሚሰጡት የብቃት ምስክር ወረቀት የተለየ መሆኑንም አትዘንጉ፤ ለዚያ ሌላ ፈተና አለ።

ዛሬ የምታሠለጥኑት ሰው ከሌለ ምዝገባውን ለከርሞ አቆዩት። በሰፈራችሁ ወዳለ የታዳጊዎች ቡድን ሂዱ፤ አሠልጣኙን አስፈቅዱ፤ ማሟሟቂያውን እንድትመሩ ለምኑት። ማመልከቻውን ከዚያ በኋላ ሙሉ።