ከበሉ በኋላ ሆድዎ ይነፋል? ከቁሌቱ ይጀምሩ

ሆድ ሲነፋ፣ ሲቆርጥ፣ አንዴ ሲያስቀምጥ አንዴ ሲያደርቅ ብዙዎቻችን «አሜባ ነው» ብለን ፋርማሲ እንሄዳለን። ሰገራ ሳይመረመር ሜትሮኒዳዞል መዋጥ ልማድ ሆኗል፤ እባክዎ ይህን ልማድ ይተዉት። ምርመራው ምንም ሳያሳይ ሕመሙ ለወራት ከተመላለሰ፣ ሐኪሞች አይ ቢ ኤስ የሚሉት የአንጀት መቆጣት ሊሆን ይችላል። አንጀቱ አልቆሰለም፤ አሠራሩ ግን ታውኳል፤ ሕመሙም እውነተኛ ነው።

መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ሰገራ ላይ ደም ካዩ፣ ያለ ምክንያት ከከሱ፣ ትኩሳት ካለዎት፣ ተቅማጥ ከእንቅልፍ ከቀሰቀሰዎ ወይም ሕመሙ የጀመረዎ ከ50 ዓመት በኋላ ከሆነ፣ ሳይመረመሩ ምግብ መቀያየር አይጀምሩ።

ቀጥሎ ደብተር ያዘጋጁ። ለ2 ሳምንት የበሉትን፣ ሰዓቱንና የተሰማዎትን ይጻፉ። ጭንቀትና እንቅልፍ ማጣትንም ይመዝግቡ፤ እነሱም ሆድ ያውካሉ።

አሁን ወደ ወጡ እንምጣ። ሜልበርን የሚገኘው የሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፎድማፕ ያሏቸው የካርቦሃይድሬት ዓይነቶች ትንሹ አንጀት ውስጥ በደንብ አይመጠጡም፤ ውሃ ይስባሉ፣ ትልቁ አንጀት ሲደርሱም ፈልተው ጋዝ ይሆናሉ። በእኛ ማድ ቤት ዋና ምንጫቸው ቀይና ነጭ ሽንኩርት ነው። ደግነቱ የሽንኩርቱ ፎድማፕ በውሃ እንጂ በዘይት አይሟሟም። ስለዚህ ነጭ ሽንኩርቱን ሳይከትፉ በዘይት ብቻ ጠብሰው ያውጡትና በዘይቱ ይሥሩ፤ መዓዛው አይጠፋም። ዘይቱን ግን የዕለቱን ብቻ ያዘጋጁ፤ ቢያድር ሊመረዝ ይችላል። በቀይ ሽንኩርት ፋንታ የባሮ ሽንኩርት አረንጓዴ ቅጠልና ዝንጅብል ይጠቀሙ። በርበሬውም ሲደለዝ ሽንኩርት ገብቶበታልና ለጊዜው አልጫ ይሻላል። ምስሩን ዘፍዝፈው፣ ቀቅለው ውሃውን ይድፉ። የሽሮ ውሃ አይደፋም፤ በጥቂቱ ይብሉት። እንጀራ መተው አያስፈልግም፤ የንጹሕ ጤፍ እንጀራ ከስንዴና ከገብስ ይልቅ ለሆድ ይቀላል። ውጭ አገር የሚኖሩ ከሆነ ግን ዱቄቱ ምን እንደተቀላቀለበት ይጠይቁ።

ቡናና ሻይ ተደምሮ በቀን ከ3 ስኒ አይለፍ። አምቦ ውሃና ለስላሳ ይቀንሱ። ድርቀት ካለብዎ የተወቀጠ ተልባ ከ1 የሻይ ማንኪያ ጀምረው ቀስ በቀስ እስከ 1 የሾርባ ማንኪያ በበቂ ውሃ ይጠጡ፤ የስንዴ ፉርሽካ ግን ሊያባብስ ይችላል።

ጾመው ውለው በአንዴ አብዝቶ መብላት ለዚህ ሆድ ከባድ ነው። ቤተ ክርስቲያን ለሕመምተኛ ታዝናለችና የንስሐ አባትዎን ያማክሩ።

ሽንኩርት መተዉ ከ2 እስከ 6 ሳምንት ብቻ ይቆይ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ሻል ሲለው ፈርቶ ሁሉንም እንደተወ ይቀራል፣ ሰውነቱም ይጎዳል። ስለዚህ አንድ ምግብ ብቻ መርጠው፣ መጠኑን እየጨመሩ ለ3 ቀን ይሞክሩትና ይመዝግቡ፤ ከዚያ ወደ ሌላው ይለፉ። ሆድዎን የሚያውከው ነጭ ሽንኩርት ብቻ ሆኖ ከተገኘ፣ ቀይ ሽንኩርቱንም ምስሩንም ወደ ገበታዎ ይመልሱ።