ውሃ ልክ ይዘው ይውረዱ፦ በአሮጌ ቤት ስሎፑ የተበላሸ የፍሳሽ ቱቦን ማስተካከል

በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሌክሳንድሪያ ወይም በሲያትል የ1950ዎቹን ቤት የገዛ ሰው ይህን ታሪክ ያውቀዋል። የወጥ ቤቱ ሲንክ ይዘጋል፤ ፕላምበር መጥቶ በሽቦ ይከፍታል፤ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል፤ ብዙም ሳይቆይ ሲንኩ ተመልሶ ይዘጋል። ወቀሳው ታዲያ በምግባችን ላይ ያርፋል። እርግጥ የወጥ ቅባት፣ የቡና አተላና የሊጥ እጣቢ ለቱቦ አይበጁም። ነገር ግን ቱቦው ደጋግሞ አንድ ቦታ ላይ ከተዘጋ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ስሎፑ፣ ማለትም ቁልቁለቱ ነው።

ለምን ይበላሻል?

የድሮ ቤቶች ቱቦ በአብዛኛው ካስት አይረን ነው፤ ከባድ ነው። መስቀያው ዝጎ ሲበጠስ ወይም ቤቱ በዕድሜ ብዛት ሲሰምጥ ቱቦው መሃሉ ላይ ይረግባል። በረገበበት ቦታ ውሃ ያቁራል፣ ቅባት ይረጋል፣ አተላው ይዘቅጣል። አንዳንዴ ደግሞ ቀድሞ የነበረው ባለቤት ያለ ፈቃድ በፒቪሲ ሲቀጥለው ልኩን ስቶት ይሆናል።

ልኩ ስንት ነው?

በዲሲና በቨርጂኒያ በተለመደው ደንብ እስከ 2.5 ኢንች ስፋት ያለው ቱቦ በየአንድ ጫማው ሩብ ኢንች መውረድ አለበት፤ ከ3 እስከ 6 ኢንች ያለው የዚያን ግማሽ። በሲያትልና በሎስ አንጀለስ ደንቡ ጠበቅ ይላል፤ ባለ 3 ኢንቹም ሩብ ኢንች ይጠየቃል። በቀላል ስሌት ባለ 2 ኢንች ቱቦ 12 ጫማ ከሄደ ጫፉ 3 ኢንች ዝቅ ማለት አለበት።

ቁልቁለት በበዛ ቁጥር ይሻላል ማለትም አይደለም። ከሲፎኑ እስከ አየር ማስተንፈሻው ቱቦ ባለው ርቀት ጠቅላላ ውረዱ ከቱቦው ስፋት መብለጥ የለበትም። ከበለጠ ሲፎኑ ውስጥ ያለው ውሃ ተስቦ ይወጣል፤ የፍሳሽ ሽታም ወደ ቤት ይገባል።

እንዴት ይለካል?

ቱቦው ቤዝመንት ውስጥ ከታየ ባለ 2 ጫማ ውሃ ልክ በቂ ነው። ውሃ ልኩን ቱቦው ላይ ያሳርፉ፤ ፍሳሹ በሚሄድበት በኩል ካለው ጫፍ ሥር ግማሽ ኢንች ውፍረት ያለው እንጨት ያስገቡ። አረፋዋ መሃል ላይ ከቆመች ስሎፑ በየአንድ ጫማው ልክ ሩብ ኢንች ነው። ከአንድ ቦታ ተነሥተው እስከ መጨረሻው በየ2 ጫማው ይለኩ፤ የረገበው ቦታ ራሱን ያሳያል። መሬት ውስጥ የተቀበረውን ግን የሚያሳየው በካሜራ የሚደረግ ምርመራ ብቻ ነው።

ጥገናው

መስቀያ ብቻ ከሆነ የተበላሸው፣ ክሊንአውት የሚባለውን ክዳን ከፍተው የቆመውን ውሃ ያፍስሱ፤ ከዚያ ቱቦውን ቀስ በቀስ አንሥተው አዲስ መስቀያ ይግጠሙለት። ለፒቪሲ በየ4 ጫማው መስቀያ ያስፈልጋል። መጋጠሚያው ካስቸገረ አያስገድዱት፤ ይሰነጠቃል።

ቱቦውን መቀየር ካስፈለገ ልኬቱ የሚጀምረው ከታች፣ ከዋናው ቱቦ ነው፤ እሱ ከፍ ዝቅ አይልምና። ካስት አይረን ከመቁረጥዎ በፊት ግራና ቀኙን ደግፈው ይያዙት፤ የሚቆርጡት ቀጥ ብሎ ከላይ የሚወርደውን ከሆነ ግን ለባለሙያ ይተዉት። አዲሱ ፒቪሲ ከአሮጌው ብረት ጋር የሚያያዘው ጎማው ላይ የብረት መቀነት ባለው ማያያዣ ነው። ቱቦ ለማሳለፍ የወለሉን አግዳሚ እንጨት መብሳት ግድ ከሆነ ቀዳዳው ከእንጨቱ ቁመት አንድ ሦስተኛ አይብለጥ፤ ከላይና ከታችም 2 ኢንች ይራቅ።

አሮጌው ቱቦ ውስጥ አዲስ ሽፋን እናስገባለን የሚሉ አሉ። ስንጥቅና የዛፍ ሥር ይከላከላል፤ ነገር ግን ሽፋኑ የቱቦውን ቅርጽ ስለሚከተል የረገበውን አያቀናም። የተቀበረ ቱቦ ከረገበ መድኃኒቱ መቆፈር ነው።

ፈቃድና ግዢ

ቱቦ መቀየር በብዙ ቦታ ፐርሚት ይጠይቃል። በሞንትጎመሪና በፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ የሚሰጠው የውሃ ድርጅቱ ደብልዩ ኤስ ኤስ ሲ ነው፤ በዲሲ ደግሞ የሕንፃዎች መምሪያ። ያለ ፐርሚት የተሠራ ሥራ ቤቱ ሲሸጥ ጣጣ ያመጣል።

ገና ቤት እየፈለጉ ከሆነ መደበኛው ኢንስፔክሽን ብዙውን ጊዜ የተቀበረውን ቱቦ እንደማያይ ይወቁ፤ የካሜራውን ምርመራ ለብቻው ይጠይቁ። ቤቱን ከገዙ ግን ለሌላ ሽቦ ከመክፈልዎ በፊት ውሃ ልክዎን ይዘው ቤዝመንት ይውረዱ።